ያልተሰበረው ብሎን

ሎደሩን ያገኘነው ገደሉ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነው። ከፊቱ አካፋ፣ ከኋላው የመቆፈሪያ ክንድ ያለው ቢጫ ባክሆ ሎደር ነበር። ኦፕሬተሩን አንዷለምን የመንደሩ ሰዎች ቀድመውን አውጥተው በሱፍ ባና ሸፍነውታል። ሠላሳ ዓመት የሞላው አይመስልም። በፖሊስነት ዘመኔ ብዙ ሬሳ አይቻለሁ፤ ባና የለበሰ ሬሳ ግን የተኛ ሰው ስለሚመስለኝ አልወደውም።

ከመሐል ሜዳ ከተማ አብራኝ የመጣችው ኢንስፔክተር ወሰንየለሽ ናት። እኔ ሳጅን ታዲዮስ እባላለሁ። በዕድሜ እበልጣታለሁ፣ በማዕረግ ትበልጠኛለች፤ ስለዚህ እኔ አንቺ እላታለሁ፣ እሷ ጋሽ ታዲዮስ ትለኛለች፣ እንዲህ ተቻችለን እንኖራለን። ባናውን በእግሩ በኩል ገለጥ አድርጋ ጫማውን ነካች።

"እርጥብ ነው" አለች። "በዚህ በጋ ጭቃ ከየት መጣ?"

"ከታች ወንዝ አለ። እዚያ ጠጠር ሲያወጣ ውሎ፣ ሽቅብ ሲመለስ ነው አሉ የወደቀው።"

ጋራዥ ያለው መካኒኩ አወቀ አብሮን መጥቶ ነበር። ከተገለበጠው ማሽን የፊት ጎማዎች መሃል ራሱን አስገብቶ ብዙ ቆየና በግራሶ ጠቁሮ ወጣ።

"መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ ወልቋል" አለ። "ብሎኑ ግን አልተሰበረም፤ ጥርሱ እንኳ አልተነካም። ብሎኑን የሚያጠብቀው ዳዶ ነው ተፈትቶ የወደቀው።"

"በራሱ ይፈታል?" አለች ወሰንየለሽ።

"ዳዶው እንዳይዞር ፒን በመሃሉ ያልፋል። ፒኑ እያለ አይፈታም። ይኸው፣ ቀዳዳው ባዶ ነው። ወይ ሰው አውጥቶታል፤ ወይ ደግሞ መጀመሪያም አልነበረም።"

የንግግሩን ሁለተኛ ግማሽ ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አልነበረም። ከኋላችን የሟቹ ታላቅ ወንድም ኪዳነ ቆሞ ነበር። "ሰው አውጥቶታል" የሚለው ቃል ሲደርሰው ፊቱን አዙሮ ዳገቱን ወጣ። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነበር። የአገሬን ሰው አውቀዋለሁ፤ ደም መመለስ ነው ያሰበው።

*

ሐኪም ሬሳውን አየው፤ ማክሰኞ ተቀበረ። ከቀብር መልስ አባትየውን፣ አያ መኳንንትን፣ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በተጣለው ዳስ ውስጥ አገኘናቸው። ጀንዴ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጠጉሩ ያልተላጨ፣ ቀይና ነጭ ዝንጉርጉር የበሬ ቆዳ ነው። ሴቶቹ ድምፃቸው እስኪዘጋ አልቅሰዋል። እሳቸው እንባ አልወጣቸውም፤ ሰዎችም ይህን አይተው ይንሾካሾኩ ነበር።

"እግዚአብሔር ያጥናዎት" አለች ወሰንየለሽ ጎናቸው ዝቅ ብላ። "ሎደሩ የሚያድረው የት ነበር?"

"እዚሁ፣ ከአጥሬ ጥግ። የምጠብቀውም እኔ ነኝ።"

"ሰሞኑን የተጠጋው ሰው አለ?"

"ከእኔ በቀር ማንም አልደረሰበትም። ውሻዬም አልጮኸ።"

"አንዷለም የሚፈራው ሰው እንዳለ ነግሮዎት ያውቃል?"

አያ መኳንንት የጀንዴውን ጠጉር በመዳፋቸው አሹ። "እኔና እሱ አንነጋገርም ነበር፣ ልጄ። ይሄ የተቀመጥኩበት ቡሬ ነው፣ በሬዬ። ቡሬ የሞተ ዓመት አንዷለም 'ከእንግዲህ ሞፈር አልጨብጥም' ብሎ ደብረ ብርሃን ሄደ። ሲመለስ እዚያ ብረት ላይ ተቀምጦ መጣ። የአባቱን እርሻ ትቶ። ከዚያ ወዲህ ባንድ አጥር ውስጥ እንኖራለን፣ ቃል ግን አንለዋወጥም።"

"ታዲያ ማሽኑን ለምን ይጠብቁለት ነበር?"

ሽማግሌው የጠየቀቻቸው ነገር ግራ የገባቸው መሰሉ። "ልጄ እኮ ነው" አሉ።

ልንነሳ ስንል የወሰንየለሽን ክንድ ያዙ። "ሰው ነው የገደለው አሉኝ። ገዳዩን አንቺ አምጪልኝ። ሐሙስ ሣልስት ነው፤ እስከዚያ ኪዳነን እይዘዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን በምን አፌ?"

ስነሳ ዓይኔ ጀንዴው ላይ አረፈ። አንደኛው ጎኑ በቢላ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ የተቆረጠበት ገና ነጭ ነው። አየሁትና አለፍኩት።

*

የአንዷለም ሚስት ጌታነሽ ከጓዳ ወጥታ አነጋገረችን። ጠጉሯን ተላጭታለች፤ ፊቷ በጥፍሯ ቆስሏል።

"ሁልጊዜ ጠዋት ማሽኑን ሳያስነሳ መሪውን ግራና ቀኝ ያዞረዋል" አለች። "ሰሞኑን ይላላበት ነበር። እስከ ቅዳሜ ድረስ በየጠዋቱ ከሥሩ ገብቶ ያጠብቃል። እሑድ ሰንበት ነው፣ አልሠራም። ሰኞ ጠዋት ሲያዞረው 'መሪው ልኩን ሆኗል' አለኝ።"

ወሰንየለሽ ጎንበስ አለች። "ከሥሩ ገብቶ አላየም?"

"መንገዱ ላይ ሰዎች እየጠበቁት ነበር። 'ስመለስ አየዋለሁ' ብሎ ሄደ።"

"ማን እንደነካው አልጠረጠረም?"

ጌታነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። "እንጃ" አለች፤ ዓይኗ ወደ ዳሱ ሄዶ ተመለሰ።

ወደ መኪናችን ስንሄድ "ነገሩ ግልጽ ነው" አልኩ። "ከቅዳሜ እስከ ሰኞ አንድ ሰው ፒኑን አውጥቷል።"

"ፒኑን አውጥቶ መሪውን እንዴት አሻሻለው?" አለችኝ።

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የምትጠይቀኝ ዝም እንድል ስትፈልግ ነው።

*

ረቡዕ ጠዋት ከወንዙ ጀምረን ዳገቱን በእግር ወጣን። ማሽኑ የዋለበት የወንዝ ዳር በጎማ ተቦክቷል፤ የጎማውን ዱካ ይዘን ሽቅብ ስንሄድ፣ ገደሉ ጋ ከመድረሳችን በፊት ወሰንየለሽ ቆመች። መንገዱ ጠርዝ ላይ እንደ ቀለበት የተጠማዘዘ የደረቀ ጠፍር ወድቋል። ግራሶ ጠጥቶ ጠቁሯል።

"ምራን ነው" አልኩ። ምራን ገበሬ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስርበት የቆዳ ጠፍር ነው፤ በዚህ አገር የማያውቀው የለም። "ገበሬ ነው እንግዲህ። ከማሽኑ ጋር የተጣላው ገበሬ ደግሞ አንድ ነው።"

ያልኩት ተክለጻድቅን ነው። አዲሱ የገጠር መንገድ ገብሱን ለሁለት ሊከፍለው ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ሎደሩ ሲመጣ ፊቱ ተጋድሞ አላሳልፍም ብሏል። ቤቱ ስንደርስ ሞፈርና ቀንበሩን ከግድግዳ አስደግፎታል። ምራኑ አዲስ ነበር።

"አሮጌውስ?" አልኩት።

"ውሻ በላው።"

ወሰንየለሽን አየኋት። ውሻ ጠፍር እንደሚበላ እኔም አውቃለሁ፤ ግን የዚያን ቀን ውሻው የበላበት ጊዜ በጣም የተመቸ መሰለኝ።

"አያ ተክለጻድቅ፣ ሰኞ ከአንዷለም ጋር ምን ተባባላችሁ?" አለች እሷ።

"ፊቱ ተኛሁ። ሞተሩን አጠፋና ወርዶ አነሳኝ። 'እኔም እኮ የገበሬ ልጅ ነኝ። ከቀበሌው ጋር ተነጋገሩ፤ እስከዚያ ወንዝ ወርጄ ጠጠር አወጣለሁ' አለኝ።" ተክለጻድቅ ወደ ገብሱ ተመለከተ። "እኔ ባልተኛ ኖሮ ወንዝ አይወርድም ነበር። ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ገደልከው ካላችሁኝ ግን እኔ ፊት ለፊቱ ነው የቆምኩት፤ ከኋላው አልሄድኩም።"

ካቴና አጠለቅኩለት። ወሰንየለሽ አልከለከለችኝም፤ ኪዳነ ከማዶ ኮረብታው ላይ ተቀምጦ እያየን ነበርና ሰውዬው እኛ ዘንድ ማደሩ ይሻለው ነበር። ወደ መሐል ሜዳ ስንሄድ በልቤ ጉዳዩ አለቀ ብያለሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም እንደነበር ያወቅኩት ከምሳ በኋላ ነው።

*

የሎደሩ ባለቤት ገብረየሱስ ከደብረ ብርሃን ተጠርቶ ጣቢያ ደርሶ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ከከተማው እንዳልወጣ የሚመሰክርለት ሞልቷል፤ ላቡን ግን በመሐረብ ይጠርግ ነበር፣ መሐል ሜዳ ላይ፣ በዚያ ብርድ።

"ፒኑን ማን አወጣው?" አለች ወሰንየለሽ።

"ፒን..." አለና መሐረቡን አጠፈ። "የመሪው ዘንግ ራስ ሲቀየር ልኩ የሆነ ፒን አልተገኘም። ሚስማር ታጥፎ ገባበት። ለጊዜው ነው።"

"ከዚያስ?"

"አንዷለም ፒኑን ላክልኝ ይለኝ ነበር። ቅዳሜ ማታ ደወለ። ሚስማሩ ተቆርጧል፣ ዳዶው በየቀኑ እየተፈታ ነው አለኝ።"

"ምን አልከው?"

"እስከ ሰኞ እያጠበቅክ ሥራ አልኩት።"

ወሰንየለሽ ቃሉን ወረቀት ላይ አሰፈረች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ ይሄን ሚስማር ግን የታጠቀው አንድ ሰው፣ የተፈታበት ሌላ ሰው ነው። ይህ ሁሉ ለአንዲት ጣት ለማትሞላ ፒን። ተናድጄ ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ።

ስመለስ ወሰንየለሽ ብቻዋን ጠረጴዛዋ ላይ ጠፍሩን ታገላብጣለች። አጠገቡ ከአወቀ ጋራዥ ያስመጣችው፣ ከጠፋው ጋር ልኩ አንድ የሆነ ዳዶ አለ።

"ጋሽ ታዲዮስ፣ እስቲ ውስጡን ዳስሰው።"

ዳሰስኩት። የጠፍሩ ቀለበት ከውስጥ ክብ አይደለም፤ የዳዶ ማዕዘን ታትሞበታል። ዳዶውን ስታስገባው ልክክ አለ።

"ዳዶው ላይ ነበር የታሰረው" አለች። "ፒኑን ያወጣ ሰው የለም፤ ሚስማሩ ራሱ ተቆርጦ ወድቋል። ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ ዳዶውን ከዘንጉ ጋር በእርጥብ ጠፍር ጠፈረው። እሑድ ፀሐይ ሲመታው ደርቆ ብረት ሆነ። መሪው ልኩን የሆነው ለዚያ ነው። ሊገድል የመጣ ሰው ይፈታል እንጂ አያስርም።"

"ታዲያ ለምን ተፈታ?"

ጠፍሩን የመጠጥ ውሃዋ ውስጥ ነከረችው። ጥቂት ቆይታ ስታወጣው ከጣቷ ላይ እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ያን ጊዜ የሰኞው እርጥብ ጫማ ትዝ አለኝ። ማሽኑ ግማሽ ቀን ጎማው ውሃ ውስጥ ነበር።

ግራሶውን በጨርቅ ስትጠርገው ከሥሩ ጠጉር ብቅ አለ። ቀይና ነጭ ነው።

ሁለታችንም ያሰብነው የአያ መኳንንትን ጀንዴ ነው፤ ጎኑ በቢላ ተቆርጦ አይቼዋለሁ። ከእኔ በቀር ማንም አልደረሰበትም ብለውን ነበር። እውነታቸውን ነው። ምንም አልደበቁንም።

"አንንገራቸው" አልኩ በመጨረሻ። "በአደጋ ነው እንበል።"

"ኪዳነ አደጋ የሚለውን ቃል ያምናል?"

አያምንም። ተክለጻድቅን ብንለቀው ይሞታል፤ ባንለቀው ባላጠፋው ይታሰራል። ወሰንየለሽ ጠፍሩን በጋዜጣ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

*

ሐሙስ ጠዋት ተክለጻድቅን ይዘነው ሄድን። ካቴናውን ስፈታለት "ለቅሶ ሳልደርስ ቤቴ አልገባም" ብሎ ስለነበር ነው። ከመንደሩ ወጣ ብሎ መኪናው ውስጥ አስቀመጥነውና አያ መኳንንትን ከዳሱ ጀርባ ጠራናቸው።

ወሰንየለሽ ጋዜጣውን ፈታች። "ይሄን ያውቁታል?"

"ቡሬ ነው" አሉ ወዲያው። "ከየት አገኘሽው?"

"መንገድ ላይ ወድቆ።"

"ለአንዷለም ያሰርኩለት ነው። ቅዳሜ ማታ በስልክ 'ሚስማሩ ተቆረጠ' ሲል ሰማሁት። ከሥሩ ገብቶ ሲያጠብቅ በየጠዋቱ አየው ነበርና የትኛው ብረት እንደሆነ አላጣሁትም። እሱ ቤት ሲገባ ከቡሬ ላይ ቆርጬ፣ ነክሬ፣ ጠፈርኩት። እሑድ አመሻሽ እጄን ሰድጄ ብሞክረው ንቅንቅ አላለም። ቃል ስለሌለን አልነገርኩትም። እጄን ካየ ይበቃዋል ብዬ ነው።" ፊታቸው ላይ ትንሽ ኩራት ነበረ፤ እሱን ማየት ነው የከበደኝ። "ታዲያ ይሄ ለምን ወደቀ?"

"ሰኞ ወንዝ ገብቶ ዋለ፣ አባቴ" አለች ወሰንየለሽ።

ለገበሬ ከዚህ በላይ አይነገርም። ጠፍሩን ከእጇ ተቀብለው በሁለት ጣታቸው ሳቡት።

"ምራን ውሃ አይነካም" አሉ ለራሳቸው። "ዝናብ ሲመጣ ፈትተን ብብታችን ሥር ነው የምናስገባው። ይሄን የማያውቅ ሕፃን የለም። መንገዱ ላይ የሚውል መስሎኝ እኮ ነው። ደረቁ ላይ የሚውል መስሎኝ።"

"ሚስማር የከተተበት ሰው አለ፤ ፒን ከልክሎ 'ሥራ' ያለው ሰው አለ። ፋይሉ የተከፈተው በእነሱ ነው። እርስዎ ልጅዎን ሊረዱ ነው።" እጃቸውን ያዘች። "ለሰው ሁሉ መናገር የለብዎትም። ኪዳነን ብቻ ይያዙልኝ።"

"በምን ልያዘው? ገዳይ የለም ብዬ ብነግረው አባቴ ፈራ ይላል።" ወደ እኔ ዞሩ። "ተክለጻድቅ የት ነው ያለው?"

"መኪና ውስጥ ነው።"

"አምጣው።"

*

ተክለጻድቅ ዳሱ ውስጥ ሲገባ ለቅሶው ቀጥ አለ። ኪዳነ ከምሰሶው ሥር ተነሳ። እጄን ሽጉጤ ላይ አደረግሁ፤ ይዤው ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር። አያ መኳንንት የተክለጻድቅን እጅ ይዘው መሃል አሳልፈው ጀንዴው ላይ፣ ከጎናቸው አስቀመጡት።

"ኪዳነ" አሉ። "ጠመንጃህን ይዘህ ና።"

መጣ።

"ደመኛህን ፈልገህ ነበር። የወንድምህ ማሽን የታሰረው በዚህ ነው።" ጠፍሩን ከፍ አድርገው ለሰው ሁሉ አሳዩ። "ይሄ ቡሬ ነው፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የቆረጥኩት እኔ፣ ያሰርኩትም እኔ ነኝ። ውሃ ነክቶት ተፈታ። ይሄ ሰው ንጹሕ ነው። ደመኛህ እኔ ነኝ፣ ልጄ። ይኸውልህ።"

ኪዳነ ጠፍሩን አየ፣ አባቱን አየ። ከዚያ ጠመንጃውን አባቱ እግር ሥር አስቀምጦ በጉልበቱ ተንበረከከ። ተክለጻድቅ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ይነፈርቅ ጀመር። እኔ ጎንበስ ብዬ ጠመንጃውን አነሳሁ፤ ማንም ልብ አላለኝም።

አያ መኳንንት ግን እንደ ቀድሞው ደረቅ ዓይናቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከሴቶቹ መሃል ጌታነሽ ተነስታ ፊታቸው ተቀመጠች። ወሰንየለሽን ቀና ብላ አየቻት።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አለቻት። "ማን እንደነካው ጠርጥሮ ነበር። የአማቴን ስም በፖሊስ አፍ ማስገባት ከብዶኝ ነው የዋሸሁሽ።" ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። "አባባ፣ እርስዎ እንደሠሩለት ያውቅ ነበር።"

"አይቶታል?"

"አላየውም። መሪውን ሲያዞረው ሳቀ። 'አባባ ነው' አለኝ። 'ከእሱ በቀር ማን ይደርስበታል? ማሽኔን ታርቋታል ማለት ነው፤ እንግዲህ ቀጥሎ የእኔ ተራ ነው' አለኝ። ማታ ከሥራ ሲመለስ እግርዎን ሊስም ነበር። ውሃ አሙቂልኝ፣ ታጥቤ ነው የምሄደው ብሎ አዝዞኝ ሄደ። አሙቄ ጠበቅኩት።"

አያ መኳንንት ጠፍሩን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ሲያለቅሱ የታዩት ያን ጊዜ ነው።